ማዊ ደሴት፣ አውዋሂ ደን፦ ዛፍ ከመትከል በፊት ሣሩን ማድረቅ ለምን?

ወይራ
ሰላም ለሁላችሁ። ሃዋይ የምንኖር ጥቂት ሰዎች ማዊ ደሴት ላይ፣ በሃሌአካላ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት በሚገኘው የአውዋሂ ደረቅ ደን በበጎ ፈቃድ ችግኝ ልንተክል ነው። የተነገረን ቅደም ተከተል መጀመሪያ አጥር፣ ቀጥሎ ሣሩን በፀረ አረም ማድረቅ፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ዛፍ ነው። ሣሩን በዶማ መንቀል አይሻልም? ያረጁት አገር በቀል ዛፎች ቆመው እያሉስ በገዛ ዘራቸው ለምን አይተኩም?

የደጋ ሰው
ከሁለተኛው ልጀምር። ዘር አልጠፋም፣ አፈር የሚያገኝ ዘር ነው የጠፋው። ያ ሣር የኪኩዩ ሣር ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ለከብት መኖ ተብሎ ሃዋይ የገባ። እንደ ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ ካልተጋጠ ደግሞ ጉልበት የሚደርስ ድርብርብ ይሆናል። ከዛፉ የወደቀ ዘር እዚያ ላይ ቀርቶ ይደርቃል ወይም አይጥ ይበላዋል። በለስ ቀንቶት የበቀለውን ፍየልና ከብት ይጨርሱታል።

በዶማ ስትነቅሉ ያመለጠች አንዲት አንጓ ሣሩን ትመልሰዋለች። ከዚያ የሚብሰው ግን አፈሩ ተራቁቶ ሌላ መጤ አረም መውረሱ ነው። በፀረ አረሙ በግላይፎሴት የደረቀ ሣር ባለበት ጉዝጓዝ ሆኖ እርጥበት ይይዛል። ርጭቱ ሣሩ ዝናብ ጠጥቶ በሚያድግበት ወቅት ይሁን፤ በድርቅ የከሰለ ሣር መድኃኒቱን ወደ ሥሩ አያወርድም። 2 በመቶ ገደማ የሆነ ውህድ፣ ነፋስ የሌለበት ጠዋት፣ ቀጥሎ ቢያንስ ለ6 ሰዓት ዝናብ የማይጥልበት ቀን። የዛፎቹን ለምለም ቅጠል ፈጽሞ አይንካ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ያቆጠቆጠውን ብቻ ድገሙት። ይህ ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ሥራ ነው፤ እናንተ የምትደርሱት ለተከላው ነው።

ችግኝ ጣቢያ
ቁጥቋጦው ምን እንደሆነ ስታውቁ ደስ ይላችኋል። አአሊኢ የሚሉት ክትክታ ነው! እዚያም አገር በቀል ነው፣ ማንም አላመጣውም። በእኛ የተራቆቱ ኮረብቶች ላይ ቀድሞ እንደሚበቅለው ሁሉ እዚያም ፀሐይና ድርቅ ይችላል። የኪኩዩ ሣር የማይችለው ጥላ ነው፤ ስለዚህ ክትክታው አናቱ ቶሎ እንዲገጥም በ1 ሜትር ርቀት፣ ከተቻለም ጠበቅ ተደርጎ ይተከላል። አራርቆ መትከል ችግኝ የቆጠበ ይመስላል እንጂ ሣሩን መልሶ መጋበዝ ነው።

ብዙ ችግኝ የሚሞተው በአንድ ምክንያት ነው። ተካዩ የደረቀውን ሣር በደንብ ሳይገልጥ ሥሩን እዚያው ውስጥ ይሸጉጠዋል፤ ሥሩ አየር ያገኘዋል፣ በሳምንት ይደርቃል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ክብ ክፈቱ፣ አፈሩ እስኪታይ። ችግኙን ከመትከላችሁ በፊት ውሃ አጠጡት። ሥሩ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ጉድጓዱን ጥልቅ አድርጉ፣ የሥሩን አናት በ1 ሳንቲ ሜትር አፈር ሸፍናችሁ በእጅ ጠበቅ አድርጉት፣ ከዚያ ጉዝጓዙን መልሱ፤ ግንዱን ግን አያቅፈው፣ ይበሰብሳል። ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ዝናብ ነው።

ወይራ
እግዜር ይስጥልኝ። ክትክታን ፍየል እንደልቡ አይበላውም፤ ታዲያ ያ ሁሉ የአጥር ወጪ ለምን? ፕላስቲክ አልብሶ ሣሩን መግደልስ?

የደጋ ሰው
አጥሩ ከክትክታው ጥላ ሥር ለሚመጡት ዛፎች ነው። ማዊ ላይ አጋዘንም አለ፣ ከፍ ብሎ ይዘላል፤ 1.2 ሜትር አጥር ፍየል ቢያግድ አጋዘን አያግድም፣ 2.4 ሜትር ያስፈልጋል። ጥቁር ፕላስቲክ ለጓሮ ያህል መሬት ይሠራል። ሰፊ ተዳፋት ላይ ግን ነፋስ ይቀደዋል፣ ሣሩም ከዳር ዳር ተስቦ ይመለሳል።

ውጤቱ የተለካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በታጠረው የመጀመሪያ 4 ሄክታር የኪኩዩ ሣር ሽፋን እ.ኤ.አ. በ2012 ከ75 በመቶ ወደ 3 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ የአገር በቀል ቁጥቋጦው ከ3 ወደ 82 በመቶ ገደማ ወጥቷል። ከሁሉ የሚበልጠው ማንም ያልተከላቸው የዛፍ ቡቃያዎች ከቁጥቋጦው ጥላ ሥር መውጣታቸው ነው።

ችግኝ ጣቢያ
አንድ ነገር ልጨምር። ደሴቶቹ ላይ ኦሂአ የተባለውን ዛፍ የሚገድል የፈንገስ በሽታ አለ፣ በጭቃና በመሣሪያ ይዛመታል። ከሌላ ደሴት ስትመጡ የጫማችሁን ጭቃ በብሩሽ አራግፋችሁ ሶሉንና መቆፈሪያውን በ70 በመቶ አልኮል ርጩ፤ ጭቃው ሳይራገፍ አልኮሉ ዋጋ የለውም። ልብሳችሁ ላይ የተጣበቀ የሣር ዘርም ከመግባታችሁ በፊት ይለቀም።