ጦር የሌላት ሊችተንስታይን ስዊዘርላንድን የተደገፈችው እስከምን ድረስ ነው?

ቀበና፦
ሊችተንስታይን 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና 40 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ጦሯን በ1868 እ.ኤ.አ. በትናለች። ብትወረር ስዊዘርላንድ ትከላከልላታለች ይባላል፤ ስምምነቱ የቱ ነው? ኤምባሲ በሌላት አገር ዜጋዋ ፓስፖርት ቢጠፋበትስ ወዴት ይሄዳል?

ቆንስል፦
እንዲህ ያለ የመከላከያ ስምምነት የለም። ስዊዘርላንድ ገለልተኛ ናት፤ ለማንም ቢሆን እዋጋልሃለሁ ብላ አትፈርምም። ያለው ውክልና ነው። ከ1919 ጀምሮ ሊችተንስታይን ኤምባሲ በሌላት ቦታ የስዊዝ ኤምባሲ ጉዳይዋን ይይዝላታል። አዲስ አበባ ላይ ፓስፖርት የጠፋበት ዜጋዋ የሚሄደው እዚያው ነው፤ አዲሱን ፓስፖርት የሚሰጠው ግን ዋና ከተማዋ ቫዱዝ ያለው የራሱ መንግሥት ነው። ይህን ሞግዚትነት አድርጎ የሚያይ ብዙ ነው። ሊችተንስታይን እኮ የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነችው በ1990 ነው፣ ስዊዘርላንድ ከመግባቷ 12 ዓመት ቀድማ! በ2022ም በጸጥታው ምክር ቤት ቬቶ (ውሳኔን የሚያግድ ድምፅ) በተጣለ ቁጥር ጠቅላላ ጉባኤው እንዲሰበሰብ ሐሳቡን አቅርባ ያስወሰነችው እሷ ናት።

ኬላ፦
የዕለት ተዕለቱ ትብብር ያለው ጉምሩክና ፖሊስ ላይ ነው። በ1923 የተፈረመው ውል ሁለቱን አንድ የጉምሩክ ክልል አደረጋቸው። ስለዚህ ሁለቱን በሚለየው የራይን ወንዝ ድልድዮች ላይ ፍተሻ የለም፤ ዕቃ የሚፈተሸው በኦስትሪያ ወሰን፣ ለምሳሌ ሻንቫልት ላይ ሲሆን ፈታሾቹም ስዊዞች ናቸው። ከኦስትሪያ ጋር በሦስት ሆነው በፈረሙት የፖሊስ ውል መሠረት ደግሞ ተጠርጣሪ የሚያሳድድ ፖሊስ ወሰን ተሻግሮ መከተል ይችላል።

ነገሩ የሚወሳሰበው አንዷ ብቻዋን ሌላ ማኅበር ስትገባ ነው። የስዊዝ ሕዝብ የአውሮፓ ኅብረትን የጋራ ገበያ ለአባል ላልሆኑ አገሮችም የሚከፍተውን የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና በ1992 በድምፁ ጣለው፤ ሊችተንስታይን ግን በ1995 ገባች። ወሰኑ ክፍት ስለሆነ በቀጠናው ደንብ የገባ ዕቃ ወደ ስዊዘርላንድ እንዳይሾልክ ምን ይደረግ? ኬላ አልተከሉም፤ ሊችተንስታይን ዕቃውን እዚያው ገበያዋ ላይ የምትከታተልበት ሥርዓት ዘረጋች። በመካከሉ የፓስፖርት ፍተሻ በሌለበት የአውሮፓ ክልል በሸንገንም ስዊዘርላንድ ዲሴምበር 2008 ስትገባ ሊችተንስታይን እስከ ዲሴምበር 2011 ቆይታለች፤ በመካከሉ ራይን በወረቀት ላይ የሸንገን የውጭ ድንበር ሆኖ ነበር።

ቀበና፦
የስዊዝ ጦር ገብቶ አያውቅማ?

ቆንስል፦
በስህተት ገብቷል። ማርች 2007 ላይ 170 ያህል እግረኞች በሌሊት ልምምድ መንገድ ስተው ተሻገሩ፤ ጥይት አልያዙም ነበር። ስዊዘርላንድ ይቅርታ ጠየቀች፣ አለቀ። የ1985ቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም፦ በጦሩ የተኩስ ልምምድ የተነሣ እሳት በኃይለኛ ነፋስ እየተገፋ በሊችተንስታይን ባልዘርስ ያለውን ደን በላ፤ ስዊዘርላንድም ካሳ ከፈለች።