ከአዲስ አበባ የንግድ ሕግ ጠበቃ በጋራ ለመያዝ፦ ረቂቁን እናዳብረው

ጸሐፊ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው፤ የነጋዴዎች ማኅበራችን ከመዋጮው ለአንድ የንግድ ሕግ ጠበቃ የዓመት ክፍያ ይከፍላል፣ ክስ ሲኖር የጥብቅናውን ወጪ ባለጉዳዩ ይችላል። ምን ይጨመር?

የማሾ ነጋዴ (ኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ጠበቃው ከክስ በፊት ይድረስልን ነው የምለው። ለአንድ ላኪ ማሾ ሸጬ ገንዘቤ ሳይከፈለኝ ቢቀር እዚሁ ከሰስኩ። ተከሳሹ ገና በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው «አዲስ አበባ ላይ በግልግል ዳኝነት፣ ማለትም ከፍርድ ቤት ውጭ በምንመርጠው ዳኛ፣ ልንጨርስ ተስማምተናል» አለ። ለካ ውሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ፈርሜበታለሁ፣ አላነበብኩትም። መዝገቤ ተዘጋ። ከዚያ በየቀጠሮው በሌሊት እየተነሳሁ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ሆነ ሥራዬ፤ ሱቁን ልጄ ትምህርቷን እያጓደለች ጠበቀችልኝ። የግልግል አዋጁ 1237/2013 እንዲህ ያለውን ስምምነት ያጸናዋል። ስለዚህ የዓመት ክፍያው ውል ማስመርመርን ይጨምር። ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

የብረት ነጋዴ (ደሴ)፦ እውነትሽን ነው እህቴ። የእዚሁን የደሴን ጠበቆች ግን አንግፋቸው። የተለያየ ክልል ነዋሪዎች ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ቢሆንም፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ፍርድ ቤቶችም ያዩታል። ክስም ውሉ በሚፈጸምበት ቦታ ሊቀርብ ይችላል፤ ርክክቡ ኮምቦልቻ መጋዘን ከሆነ በግልጽ ይጻፍ። የአዲስ አበባው ይምከር፣ የደሴው ችሎት ይቁም። የጠበቃው ፈቃድ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያስቆመውም ሳንዋዋል እንጠይቅ።

የእህል ነጋዴ (ሐይቅ)፦ ልጆቼ፣ ሽምግልናውን አትዝለሉት። ባህላዊ አስታራቂዎቻችን አበጋሮች ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁበት አገር የሁለት ጎረቤት ነጋዴ ሒሳብ አያቅተውም። እርስ በርሳችን ከሆነ መጀመሪያ ሽማግሌ ይየው፣ የተስማሙበትም በጽሑፍ ይፈረም።

ጸሐፊ፦ አባባ፣ የእርስዎን አንደኛ ላይ አስገብቼዋለሁ። ውል ማስመርመሩ ሁለተኛ፣ ከደሴ ጠበቃ ጋር ተጣምሮ መሥራቱ ሦስተኛ ሆኗል።

የማሾ ነጋዴ፦ አንድ ነገር ቀረ። የእኛን ምርት የሚገዙት ላኪዎች ያሉት እዚያው አዲስ አበባ ነው። ጠበቃው ለአንዳቸው የሚሠራ ቢሆንስ?

ጸሐፊ፦ ይህንንስ አላሰብነውም ነበር። የዋና ዋና ገዢዎቻችሁን ስም እስከ ዓርብ በውስጥ ላኩልኝ፤ ከመዋዋላችን በፊት ለሁሉም ዕጩ ጠበቆች አቅርቤ በጽሑፍ አስመልሳለሁ።