ልጅ ይዞ ወደ ሌላ አገር ለሚሄድ ወላጅ፣ ስምምነቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦
ከተለያየን በኋላ የ6 ዓመት ልጃችን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ እኔ ጋ ይሆናል። አሁን እናቱ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ይዛው ልትሄድ ነው። መሄዱን አልቃወምም፤ ግን የስምምነታችን ረቂቅ ላይ ያለው «አባት በሚመቸው ጊዜ ልጁን ያገኛል» የሚል ብቻ ነው። ይበቃል?

መልስ 1፦
አይበቃም ወንድሜ። «በሚመቸው ጊዜ» የሚሠራው እስከተግባባችሁ ድረስ ነው፤ የተጣላችሁ ቀን ፍርድ ቤትም ቀንና ሰዓት የሌለውን ነገር ለማስፈጸም ይቸገራል።

ርቀት ሲመጣ የቅዳሜና እሁዱ ጊዜ ተጠራቅሞ ወደ ትምህርት ቤት ዕረፍት ይሄዳል። አጫጭሮቹን ዕረፍቶችና በዓላትን በየዓመቱ ተፈራረቁ፣ ከረጅሙ ዕረፍት ሰፊውን ድርሻ አንተ ውሰድ። ነገር ግን ልጁ ገና 6 ዓመቱ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ወር ከእናቱ መለየት ይከብደዋል። በመጀመሪያው ዓመት 3 ሳምንት፣ በሁለተኛው 5 እያላችሁ ብታሳድጉት ይሻላል። መመለሻው ትምህርት ከመከፈቱ ቢያንስ 3 ቀን ቀድሞ ይሁን፤ የሰዓት ልዩነቱ እንቅልፉን ያዛባዋል።

መልስ 2፦
ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከትኬት ነው። ማን ይገዛል፣ ከስንት ቀን በፊት (60 ቀን ጥሩ ነው)፣ ወጪውስ እኩል ነው ወይስ እንደ ገቢያችሁ? በረራ ቢሰረዝ ያለፉት ቀናት መቼ ይካካሳሉ? ይህ ሁሉ ይጻፍ።

ብዙ አየር መንገዶች ከ5 ዓመት ጀምሮ ልጅን ያለ ወላጅ በአስተናጋጅ ጥበቃ ይወስዳሉ። ሆኖም ለትንንሾች መሃል ላይ አውሮፕላን መቀየር የሌለበትን በረራ ብቻ የሚፈቅዱ አሉ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፓስፖርቱ ማን ጋ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያሳድሰውም አትርሱ።

መልስ 3፦
ከሁሉ በፊት የምትፈርመውን የፈቃድ ደብዳቤ አስተውል። ለጉብኝት ነው ወይስ ለመኖር? እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሄግ ስምምነት (አገሮች የሚፈርሙት ዓለም አቀፍ ውል ነው) ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አግባብ ሲወሰድ ወይም ሲቀር ወደ መደበኛ መኖሪያው እንዲመለስ ያደርጋል፤ የሚሠራው ግን ሁለቱም አገሮች አባል ሲሆኑ ነው። አቤቱታውም አንድ ዓመት ሳይሞላ ቢቀርብ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ አዲሱን ቦታ ከለመደ ፍርድ ቤቱ አይመለስም ሊል ይችላል። እዚያ እንዲኖር ፈቅደህ ከሆነማ ፈቃድህ ራሱ መከላከያ ሆኖ ይቀርብብሃል።

ደግሞም ልጁ እዚያ ከተደላደለ የመወሰን ሥልጣኑ በአብዛኛው ወደዚያ አገር ፍርድ ቤት ይዞራል። ስለዚህ የእናንተን ስምምነት ከመነሳታቸው በፊት እዚህ ፍርድ ቤት አስጸድቁት፤ የዚያኛው አገር ሕግ ከፈቀደም እዚያ አስመዝግቡት ወይም ተመሳሳይ ትእዛዝ አውጡ። ሄዳ ከተቀመጠች በኋላ ይህን መጀመር ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

መልስ 4፦
በቪዲዮ የምትገናኙበትን ቀንና ሰዓት በልጁ አገር ሰዓት ጻፉት፤ አንዳንድ አገሮች በዓመት ሁለቴ ሰዓት ስለሚቀይሩ ቀጠሮው ይዛነፋል። በዚህ ዕድሜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 3 ቀን ያህል ይበቃል። «ትምህርት እንዴት ነው?» ብትለው «ጥሩ» ብሎ ዝም ይላል። ይልቅ አንድ ዓይነት የተረት መጽሐፍ ሁለት ግዙ፤ አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ አንተ ጋ ሆኖ ተራ በተራ አንብቡ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይም ስልክህና ኢሜይልህ ይግባ፤ የውጤት ካርዱ በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ እንዲደርስህ፣ ልጁም መልእክተኛ እንዳይሆን።