ለ3 ሳምንት ጃፓን ልሄድ ነው፤ ምን አይቼ ልመለስ?

የቢቸናዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ። ቢቸና አካባቢ 7ኛና 8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። 11 ዓመት ሆኖኛል። ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ሰሞኑን ለ3 ሳምንት የትምህርት ጉብኝት ጃፓን ከሚሄዱት መምህራን አንዷ እንደሆንኩ ተነገረኝ። ደስታውን አልችለው ብዬ ለእናቴ ሌሊት ነው የደወልኩት።

ግን ስታፍ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ ያለኝ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ። «የእነሱ ክፍል ሌላ፣ የእኛ ሌላ። ፎቶ ተነስተሽ፣ ሻንጣ ሞልተሽ መምጣት ነው» አለኝ። እንደዚያ ሆኜ መመለስ አልፈልግም። አንድ ክፍል ውስጥ 64 ልጆች አሉኝ። ለእነሱ የሚሆን ነገር ይዤ መምጣት ነው የምፈልገው። ሄዳችሁ የመጣችሁ፣ እባካችሁ ምን ልይ? ምንስ ልጠይቅ?

ጠመኔ ከፍኖተ ሰላም

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እኔም የሒሳብ መምህር ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ሄጃለሁ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ብዙ ቀን አባክኛለሁና ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያለቀብኝ ዕቃ በማየት ነው። ቤተ ሙከራ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ ልጆቹ ራሳቸው እየቀዱ የሚበሉት ምሳ። ማታ ማታ ደብተሬን ስከፍት ያለው ሁሉ «እኛ የለንም፣ እኛ የለንም» ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ይዘሽ ብትመለሺ ማንንም አይጠቅምም።

ዓይኔ የተከፈተው አንድ የ5ኛ ክፍል ሒሳብ ገብተን ነው። ርዕሱ የትራፒዚየም (ሁለት ትይዩ ጎኖች ያሉት ባለ አራት ጎን ቅርጽ) ስፋት ነው። መምህሯ ቀመሩን አልተናገረችም። ከወረቀት የተቆረጠ ትራፒዚየም ሰሌዳው ላይ ለጠፈች፣ ስፋቱን እንዴት እንደሚያገኙ ጠየቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። እኔ ብሆን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀመሩን ጽፌ ምሳሌ ሰጥቼ ነበር። ልጆቹ ቆረጡ፣ አጠፉ፣ ሳሉ። እሷ አንድ ወረቀት ይዛ በወንበሮቹ መካከል እየዞረች ትጽፋለች። የምታርም መስሎኝ ነበር። ለካ ወረቀቱ የመቀመጫ ሠንጠረዥ ነው። የትኛው ልጅ በየትኛው መንገድ እየሠራ እንደሆነ ነው የምትመዘግበው። በኋላ ሦስት ልጆች በተራ አወጣች። መጀመሪያ ያወጣችው የተሳሳተውን ነው። ሁለተኛው ቅርጹን ለሁለት ሦስት ማዕዘን ከፍሎታል። ሦስተኛዋ ሌላ አንድ ዓይነት ትራፒዚየም ገልብጣ ገጥማ ፓራሌሎግራም አድርጋዋለች። ቀመሩ የመጣው በስተመጨረሻ፣ ያውም ከልጆቹ አፍ ነው።

ሰሌዳቸውን ልብ ብለሽ እዪ። የሚጽፉት እንደኛው በጠመኔ ነው። ግን ያቺ መምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ነገር አላጠፋችም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የልጆቹ ሐሳብ ሁሉ፣ ስህተቱም ሳይቀር፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግቶ ይታይ ነበር። ይህን የሰሌዳ አጻጻፍ ባንሾ ይሉታል። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። ያን ክፍል ዙሪያውን ቆመው የሚያዩ ሌሎች መምህራን ነበሩ። ጁግዮ ኬንክዩ የሚሉት ይህ ነው፤ እኛ ዘንድ ሌሰን ስተዲ በሚለው ስም ነው የሚታወቀው። አንዱን ትምህርት ተሰብስበው ያቅዱታል። አንዷ ታስተምራለች፣ ሌሎቹ ያያሉ። የሚያዩት ደግሞ ልጆቹን ነው። ከዚያ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ቀድማ የምትናገረው ያስተማረችው ናት። «ያ ልጅ ሊደርስበት ሲል ቀድሜ ተናገርኩበት» አለች፣ በሰው ሁሉ ፊት። ደንግጬ ነው ያየኋት። እኛ ዘንድ አንድ ሰው መጥቶ ከኋላ ከተቀመጠ ነጥብ ሊሞላብን ነው። ለመማር ብሎ ክፍሌ የገባ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም።

እነሱም ጠየቁን። አንድ አዛውንት መምህር 68 ልጆች እንዴት አድርጌ እንደማስተምር ሊያውቁ ፈለጉ። ምን ብዬ ልመልስ? አያቴ የነገሩኝን የቅኔ ቤት አወራሁላቸው። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ውሎ የኔታ ፊት እንደሚነግር፣ የኔታ ሲያቃኑለት ሌላው ተማሪ እንደሚሰማና ከዚያው እንደሚማር። ሰውየው ብድግ ብለው ማስታወሻ ያዙ። የልጁን ሥራ በሌሎች ፊት አውጥቶ ማረም አያቶቼ የሚያውቁት ነገር መሆኑ የገባኝ እሳቸው ሲጽፉ ሳይ ነው።

ስመለስ ሪፖርት ጻፍ ተባልኩ። ጻፍኩ። መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ትራፒዚየሙን 7ለ ላይ ስሞክረው ደግሞ ተበላሸ፤ ዝም ስል ልጆቹ ጫጫታ ጀመሩ፣ ክፍለ ጊዜውም አለቀ። ሁለተኛ ጊዜ አንድ ባልደረባዬን ከኋላ እንዲቀመጥ ለመንኩት። ጥያቄዬ ለልጆቹ ባዕድ እንደሆነ ያየው እሱ ነው። «የአባታችሁ ማሳ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ነው። ስንት ቃዳ ይወጣዋል?» ብለን በሚያውቁት የመሬት መለኪያ ቀየርነው። ያኔ ሠሩ! ዛሬ አራት ሆነናል፤ በወር አንድ ቀን አንዳችን የሌላውን ክፍል እናያለን።

አዴት12

ሁሉም እንዳንተ ቢሆን ደግ ነበር። እኛ ጋ የሄደው ሰው ክፍል ገብቶ የማያስተምር ነው። ምን እንዳየም አልነገረን። እኔ በበኩሌ ለዚህ የሚወጣው ብር ወንበር ቢገዛበት እመርጣለሁ።

ኬሚስትሪ ደምበጫ

ወንድሜ አዴት12፣ ንዴትህ ይገባኛል። ክፍል የማይገባ ሰው መላክ የለበትም። እኔ የትም አልሄድኩም፣ ግን ሰው ሄዶ ሲመጣ ተጠቅሜያለሁ። ኬንያ በጃፓን ድጋፍ የሒሳብና የሳይንስ መምህራንን ማሠልጠን የጀመረችው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚሄዱ መምህራንም ናይሮቢ መሠልጠን ጀመሩ። የእኛ አንድ ባልደረባ እዚያ ደርሶ መጣ። ያመጣው ዕቃ አልነበረም። «ኬሚካል እስኪመጣ አትጠብቁ» አለን። ቅዳሜ ጠዋት ሰብስቦን የቀይ ጽጌረዳ አበባ ቅጠል በፈላ ውሃ ዘፈዘፈ። ሎሚ ስንጨምርበት ደመቅ ብሎ ቀላ። የተጠለለ የአመድ ውሃ ስንጨምርበት ወደ አረንጓዴ ሄደ። አሲድና ቤዝን እስከ ዛሬ በዚህ ነው የማስተምረው። ያን ቅዳሜ ከማንኛውም የሲፒዲ (ተከታታይ የመምህራን ሙያ ማሻሻያ) ሞጁል በላይ እወደዋለሁ።

ጡረተኛው ከማርቆስ

ልጆቼ፣ 37 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። አገራችን ጎጃም ለትምህርት መሄድን ያውቃል። ዋሸራ ቅኔ ቤት የተማረው ጎንጅ ይወርዳል፣ ጎንጅ ያለው ዲማ ይሻገራል፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ። የሚሄደው የሌላውን የኔታ መንገድ ሊሰማ ነው። ግን የራሱን ቅኔ ይዞ ነው የሚሄድ። ስለዚህ አንቺም ልጄ፣ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የተማሪዎችሽን ሦስት አራት ደብተር ያዢ። ጎበዞቹን አይደለም፤ የሚሳሳቱትን። እዚያ ላሉት መምህራን አሳዪያቸውና «እናንተ ይህን ልጅ ምን ትሉታላችሁ?» በያቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ እንግዳና አስተናጋጅ አይሆንም።

የቢቸናዋ መምህርት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ የአምስት ልጆች ደብተር ለየሁ። አንዱ ክፍልፋይ ሲደምር ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ የሚደምር ልጅ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ላቃናው አልቻልኩም። የእሱን መጀመሪያ አሳያለሁ።

ጠመኔ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ከመሄዴ በፊት 7ለ ገብቼ ከኋላ ብቀመጥ ትፈቅድልኛለህ? እንዴት እንደሚታይ እዚሁ ልለማመድ።

ጠመኔ ከፍኖተ ሰላም

በደስታ! ሐሙስ 3ኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ረቡዕ ማታ ከደረስሽ ዕቅዱን አብረን እናየዋለን። ባለቤቴ እራት ከእኛ ጋር ነው ብላለች። መቀመጫ ሠንጠረዡን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ፤ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ረድፎች አንቺ ትመዘግቢያለሽ።