ለዶክትሬት ጥናት ዓለም አቀፍ ገጽታ መስጠት፦ ከየት ይጀመራል?

ሁለተኛ ዓመት
ሰላም ለሁላችሁ። ጥናቴ በሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሥራ ጫናና የሥራ እርካታ ላይ ነው። ፕሮፖዛሉ ጸድቋል፤ መጠይቁ ግን ገና አልተበተነም። ትምህርት ክፍሉ «ዓለም አቀፍ ገጽታ ይኑረው» ብሏል። ሦስት መንገዶች ይታዩኛል፦ ሦስት ወር ውጭ መቆየት፣ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ጥምር አማካሪነት መመረቅ፣ ወይም ከሌላ አገር መረጃ ጋር ማነጻጸር። የቀረኝ ጊዜ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። የትኛው ያዋጣል?

ባለ ሁለት ማኅተም
የጥምር ዲግሪውን ሐሳብ ቢተዉት ይሻላል፤ ጊዜው አልፏል። ኮቱቴል የሚባለው ይህ አሠራር አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አንድ ዲፌንስና ሁለት ዩኒቨርሲቲ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ውል ይጻፋል። ክፍያው የት እንደሚፈጸም፣ በየቦታው ስንት ወር እንደሚቆዩ፣ ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሆን፣ የፈታኞችን ጉዞ ማን እንደሚሸፍን ሁሉ እዚያ ይሰፍራል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውሉ በመጀመሪያው ዓመት ካልተፈረመ አይቀበሉም።

ውሉ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በፈተናው አንቀጽ ላይ ነው። በፈረንሳይ አማካሪው በፈታኞች መካከል ይቀመጣል፤ በብሪታንያ ግን አማካሪ ፈታኝ አይሆንም። በአውስትራሊያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የተለመደው የውጭ ፈታኞች የጽሑፍ ሪፖርት እንጂ የቃል ዲፌንስ አልነበረም። ሁለት እንዲህ ያሉ ደንቦችን ማስታረቅ ወራት ይፈጃል።

ቀለል ያለው መንገድ በዲግሪው ላይ የሚጨመር ዕውቅና ነው። አውሮፓ ውስጥ «ዶክተር ዩሮፔየስ» የሚባለው አራት ነገር ይጠይቃል። ጽሑፉን ከሌሎች ሁለት የአውሮፓ አገሮች የመጡ ቢያንስ ሁለት ፕሮፌሰሮች መገምገም አለባቸው። ከፈታኞቹ ቢያንስ አንዱ ከሌላ የአውሮፓ አገር ይሆናል። የዲፌንሱ ከፊል በሌላ አገር ኦፊሴላዊ ቋንቋ ይካሄዳል። ለጥናቱም ቢያንስ ሦስት ወር በሌላ የአውሮፓ አገር መቆየት ያስፈልጋል። የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ዕውቅና ባይሰጥም የውጭ ገምጋሚና የውጭ ፈታኝ መጋበዝን የሚከለክል ደንብ እምብዛም አይኖርም። ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ቀን ቆጣሪ
ስለ ሦስት ወሩ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሦስት ወርና 90 ቀን አንድ አይደሉም። ከጁላይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 92 ቀን ነው። የሼንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ የሚፈቅደው ደግሞ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው፤ የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። በዚያው 180 ቀን ውስጥ ለጉባኤ የሄዱበት አንድ ሳምንት ካለ እሱም ይቀነሳል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው «ሦስት ሙሉ ወር» ካለ የሚያስፈልገው የዚያው አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው። የእሱ ሰነድ ብዙ፣ ቀጠሮውም ሩቅ ስለሆነ የግብዣ ደብዳቤው ከጉዞው 9 ወር በፊት እጅዎ ቢገባ ጥሩ ነው።

ቆይታውን ከፋፍሎ መሄድ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። የተቀበለዎት ክፍል የገቡበትንና የወጡበትን ቀን ጠቅሶ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ የሚሰጠውን ማስረጃ ሳይዙ አይመለሱ። ኢራስመስ ፕላስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም ለዶክትሬት ተማሪዎች ከ5 እስከ 30 ቀን የሚደርስ አጭር ቆይታም ይደግፋል፤ ይህ ግን የሦስት ወሩን መስፈርት አያሟላም።

ሚዛን
ለእንዲህ ዓይነቱ ርዕስ ማነጻጸሩን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ውጭ የሚሄዱት ለምን እንደሆነ የሚወስነውም እሱ ነው። ሁለተኛ አገር ሄዶ አዲስ መረጃ መሰብሰብ ላያስፈልግ ይችላል። ኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) ታሊስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የመምህራን ዳሰሳ በ2008፣ በ2013፣ በ2018 እና በ2024 አካሂዷል፤ መረጃውንም ለተመራማሪዎች በነፃ ይለቃል። የሥራ ሰዓትም የሥራ እርካታም አለበት። የእርካታ ጥያቄዎቹን ከነመልስ አማራጮቻቸው ሳይቀይሩ መጠይቅዎ ውስጥ ያስገቧቸው።

በዚህ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። የታሊስ ዋና ትኩረት የሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያው እርከን መምህራን ናቸው፤ የእርስዎ ናሙና ከከፍተኛው እርከን ከሆነ ንጽጽሩ ፈረሰ። የሥራ ሰዓቱም የሚጠየቀው ስላለፈው አንድ ሙሉ ሳምንት ነው፤ ዝግጅትና እርማት ይጨመርበታል። እርስዎ በወር ከጠየቁ በ4 አካፍሎ ማስተካከል አያድንም፤ ሰው ወርንና ሳምንትን የሚያስታውሰው በተለያየ መንገድ ነው። ናሙናው በየአገሩ በመደበኛነት 200 ትምህርት ቤት፣ ከየትምህርት ቤቱ 20 መምህር ስለሆነም ስሌቱ ያለ ናሙና ክብደቶቹ (እያንዳንዱ መላሽ ስንት መምህራንን እንደሚወክል ከሚያሳዩት ቁጥሮች ውጭ) ከተሠራ ስህተት ይወጣል።

የታሊስ ጥያቄዎችን ትርጉም ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይሥሩት፤ ሁለቱን ካስታረቃችሁ በኋላ ሦስተኛ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ ይተርጉመው። ከዚያ ከ5 እስከ 8 መምህራን እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብለው እያሰቡ ይመልሱት።

አማካዩን ከማነጻጸርዎ በፊት መለኪያው በሁለቱም አገር አንድ ነገር እየለካ መሆኑ ይፈተሻል፦ መጀመሪያ ጥያቄዎቹ በአንድ ዓይነት ቡድን መሰባሰባቸው፣ ቀጥሎ ክብደታቸው (እያንዳንዱ ጥያቄ ከሚለካው ነገር ጋር ያለው ትስስር፤ ከናሙና ክብደቱ የተለየ ነው)፣ በመጨረሻም መነሻ ነጥባቸው እኩል መሆኑ። ሲኤፍአይ የሚባለው፣ ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳየው ቁጥር ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ከ0.01 በላይ ከወረደ ያ ደረጃ አልተሳካም ይባላል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ያኔ «የእነሱ መምህራን የበለጠ ይረካሉ» ማለት አይቻልም፤ ጫና እርካታን ምን ያህል እንደሚቀንስ ማነጻጸር ግን ይቻላል። የጥናት ጥያቄዎን ከአሁኑ በዚህ መልክ ቢቀርጹት የመጨረሻው ምዕራፍ አይናጋም።

ሁለተኛ ዓመት
እጅግ አመሰግናለሁ። የታሊስን መረጃ ብቻ መጠቀም ለ«ዓለም አቀፍ ገጽታ» ይበቃል?

ሚዛን
ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩን የሚያብራራ የዚያ አገር ሰው ያስፈልጋል፤ እርማት በሥራ ሰዓት ውስጥ ይሠራል ወይስ ቤት ይወሰዳል የሚለውን ከሰንጠረዥ አያገኙትም። በዚያ አገር መረጃ ላይ የጻፈ ተመራማሪ ይፈልጉና የአንድ ገጽ ደብዳቤ ይላኩለት፦ ጥያቄዎ፣ በእጅዎ ያለው መረጃ፣ ከእሱ የሚፈልጉት፣ የሚመጡበት ቀን። ጋራ አማካሪ እንዲሆን ከተስማማ ቆይታውንም እዚያው ያድርጉት። እዚያ ሆነው መምህራንን ቃለ መጠይቅ ካደረጉ ግን የሁለቱም ወገን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አስቀድሞ ያስፈልጋል፤ ከተሰበሰበ በኋላ ፈቃድ አይሰጥም።

ባለ ሁለት ማኅተም
መጠይቁን ከመበተንዎ በፊት የፕሮፖዛሉን ማሻሻያ ያስጸድቁ። ጥያቄዎቹ ሲቀየሩ የቀድሞው የሥነ ምግባር ፈቃድ አይሸፍናቸውም፤ ከተበተነ በኋላም የታሊስን ጥያቄዎች ማስገባት አይቻልም።