ሊዶኬይን መግል ባለበት ቦታ ለምን አያደነዝዝም?

ጥያቄ፦
2% ሊዶኬይን (ማደንዘዣ መድኃኒት) መግል የያዘ እብጠት ላይ ተወግቶም በሽተኛው ያመዋል። መድኃኒቱ የነርቩን የሶዲየም ቻናል (ምልክት እንዲተላለፍ ሶዲየም የሚገባበትን በር) የሚዘጋ ከሆነ እዚያ ምን ይከለክለዋል? መጠኑን መጨመርስ ይረዳል?

መልስ 1፦
ችግሩ ቻናሉ ሳይሆን መንገዱ ነው። ሊዶኬይን ቻናሉን የሚዘጋው ከነርቩ ውስጥ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ የስብ ሽፋኑን ማለፍ አለበት፤ የሚያልፈው ደግሞ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው ክፍል ነው። ፒኬኤው (ግማሹ ቻርጅ አልባ የሚሆንበት ፒኤች) 7.9 ገደማ ስለሆነ በጤናማ ሥጋ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) 7.4 ሩብ ያህሉ ቻርጅ አልባ ነው። መግል ፒኤቹን ወደ 6.4 ካወረደው ግን 3% ገደማ ብቻ ይቀራል። ውስጥ ከገባ በኋላ ቻናሉን የሚይዘው በዋናነት ቻርጅ ያለው ነው።

መልስ 2፦
ትክክል ነው፤ አንድ ልጨምር። ማይሊን (የስብ መጠቅለያ) ባለው ነርቭ ምልክቱ ከራንቪየር ኖድ (መጠቅለያው የሚቋረጥበት ክፍተት) ወደ ኖድ ይዘላል። አንዱ ብቻ ቢዘጋ አልፎት ይሄዳል፤ ሦስት ያህል ተከታታይ ኖዶች መዘጋት አለባቸው።

መጠን አይጨምሩ! ያለ አድሬናሊን (አብሮ የሚቀላቀል፣ የደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት) ወሰኑ በኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም ነው፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 225 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከ2%ው 11 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሲያልፍ አፍ ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይከተላል። ይልቅ ከእብጠቱ ራቅ ብለው፣ ጤናማ ሥጋ ባለበት ነርቩን ያደንዝዙ።

ጠያቂ፦
አሲዱን እንዲቀንስ ባይካርቦኔት ብቀላቅልስ?

መልስ 1፦
ለ10 ሚሊ ሊትር 1% ሊዶኬይን 1 ሚሊ ሊትር 8.4% ባይካርቦኔት፤ ቀላቅለው ወዲያው ይውጉ። ሲወጋ ማቃጠሉንም ይቀንሳል። ቡፒቫኬይን (ሌላ ማደንዘዣ) ላይ ይህን መጠን አይጠቀሙ፣ ይዘቅጣል።