ሄሞግሎቢንን በስልክ ካሜራ መከታተል ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሄሞግሎቢኔ (ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ቀይ የደም ፕሮቲን) በዴሲሊትር 10.4 ግራም፣ ማለትም ዝቅ ብሎ በመገኘቱ ሐኪሜ የአይረን እንክብል አዘውልኛል። መርፌ ስለምፈራ፣ እስከሚቀጥለው ምርመራ ያለውን ለውጥ በቤቴ ለመከታተል አስቤ የጥፍርን ፎቶ አይቶ ሄሞግሎቢን የሚገምት መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ይሁን እንጂ ጠዋት በመስኮት ብርሃን 9.8 ያለኝ መተግበሪያ ማታ አምፖል ሥር 12.6 አለኝ። የደም ስኳርም እንደሚለካ ይገልጻል። ልተማመንበት እችላለሁ?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ሄሞግሎቢን በአንድ ቀን እንዲህ አይዘልም፤ አይረኑ በደንብ ቢሠራ እንኳ በዴሲሊትር አንድ ወይም ሁለት ግራም ለመጨመር ሳምንታት ይወስዳል። የተለወጠው ደምዎ ሳይሆን ብርሃኑ ነው።

የባዮሜዲካል መሐንዲስ፦ ሄሞግሎቢን አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን በብዛት መጥጦ ቀዩን ስለሚያሳልፍ፣ መጠኑ ሲቀንስ ከጥፍር ሥር ያለው ሥጋ ይገረጣል፤ መተግበሪያው የሚገምተውም ከዚህ መገርጣት ነው። ችግሩ፣ የስልክ ካሜራ ፎቶው ለዓይን እንዲያምር ቀለሙን በራሱ ማስተካከሉ ነው፤ ቢጫ አምፖል ሥር የሚያደርገው ማስተካከያ በመስኮት ብርሃን ከሚያደርገው ይለያል። የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የጥፍር ፎቶ ግምት ከላቦራቶሪ ውጤት በ2.4 ግራም ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ እንደሚችል ታይቷል፤ ይህም 12 ተብሎ የተነበበው ከ9.6 እስከ 14.4 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በጥቂት ታካሚዎች ላይ ግምቱ በየራሳቸው የላቦራቶሪ ውጤት ሲቃና ግን ልዩነቱ ወደ 0.92 ግራም ወርዷል። የእርስዎ መተግበሪያ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያስገቡበት ቦታ ከሌለው፣ እኔ ብሆን አጠፋዋለሁ።

ነርስ፦ ስኳሩን ፈጽሞ አይመኑ። በደም ውስጥ ያለ ስኳር ካሜራ የሚያየው ቀለም የለውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ቆዳ ሳይበሱ ስኳር እንለካለን ከሚሉ ሰዓቶችና ቀለበቶች አንዱንም እንዳልፈቀደ አስጠንቅቋል፤ በእነርሱ ያልተቻለው በተራ ካሜራ ተቻለ ቢባል አልቀበልም። ደግሞም ስልኩ ምንም ዓይነት ቁጥር ቢያሳይ፣ ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ካመመዎት ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ውጤት የማስገቢያ ቦታ አለው። ብርሃኑንስ እንዴት ልቆጣጠር?

የባዮሜዲካል መሐንዲስ፦ ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት፣ ጥፍርዎን ቀለም ሳይቀቡ፣ ጣትዎን ሳይጫኑ፣ እጅዎ ሳይቀዘቅዝ ፎቶውን ያንሡ፤ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን ጥፍር ይተዉ። የእንክብሉን መጠን ግን በዚያ ቁጥር ተመርኩዘው እንዳይቀይሩ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ የሚያስፈራዎት ከክንድ ደም መቀዳቱ ከሆነ፣ ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ሄሞግሎቢን የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ስላለ ሐኪምዎን ይጠይቁ።